በሉዊዚያና የሚኖሩ የካጁን ቤተ ሰቦች ስም፤ አመጣጡና አጠራሩ

ስም፥ ሰው ወደዚህ ዓለም ሲመጣ ከወላጆቹ እጅ የሚቀበለው የመጀመሪያ ገንዘብ ነው። መሬት ይወሰዳል፥ ቤት ይቃጠላል፥ ከብት ይዘረፋል፤ ስም ግን ባለቤቱ ባዶ እጁን ቢሰደድ እንኳ አብሮት ይሰደዳል። ይሁን እንጂ ስም ሁለት ጠባቂዎች አሉት፤ አንዱ አንደበት ሲሆን ሁለተኛው ብዕር ነው። ሁለቱ ሲስማሙ ስም በደኅና ይኖራል፤ ሲጣሉ ግን ባለቤቱ በገዛ ስሙ እንግዳ ይሆናል። እኛ በፍርድ ቤት መዝገብ ስንጽፍ ዕድሜያችንን ያሳለፍን ሰዎች ይህን ነገር እናውቀዋለን፤ በአንድ ፊደል መለዋወጥ ምክንያት ወንድም ለወንድሙ ባዕድ መስሎ የውርስ ክርክር ሲጓተት አይተናልና።

ስለዚህ ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሻግረን በሉዊዚያና ግዛት በተዘዋወርን ጊዜ፥ ከሕንጻውና ከድልድዩ ይልቅ ልባችንን የሳበው የሕዝቡ ስም ነበር። በዚያ አገር ካጁን የሚባል፥ አብዛኛው ዘሩ ከፈረንሳይ የመጣ ሕዝብ ይኖራል። ይህ ሕዝብ አገሩን ተቀምቷል፤ በኋላም ቋንቋውን ሊያጣ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ የአባቶቹን ስም ግን እስከ ዛሬ አላጣም። ስሙን እንዴት እንደ ጠበቀው ለአንባቢዎቻችን ለመንገር ይህን ጽፈናል። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የቤተ ሰብ ስም ምን እንደ ሆነ መግለጽ ያስፈልጋል። በእኛ አገር ልጅ በራሱ ስም ላይ የአባቱን፥ ቢያስፈልግም የአያቱን ስም ጨምሮ ይጠራል፤ ስሙም በየትውልዱ ይለወጣል። በፈረንሳዮች ዘንድ ግን አንድ የቤተ ሰብ ስም ከአያት ወደ አባት፥ ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ይወርዳል። ስለዚህ ዛሬ ላንድሪ የሚባል ካጁን ቢገኝ፥ ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የነበረው አባቱም ላንድሪ ይባል ነበር። ስሙ የዘሩ ክር ነው፤ ክሩ ከተበጠሰ ወደ ኋላ የሚያደርስ መንገድ የለም።

የካጁኖች አባቶች ከፈረንሳይ የወጡት በ17ኛው መቶ ዓመት ነው። ዛሬ የካናዳ ግዛት በሆነው በኖቫ ስኮሺያ ባሕር ዳር ሰፍረው፥ የባሕሩን ውሃ በአፈር ግድብ እየከለከሉ የእርሻ መሬት አወጡ። አገሪቱ አካዲያ ትባል ስለ ነበረ እነርሱ በፈረንሳይኛ “አካዲየን” ተባሉ። ቃሉ በአፍ ሲመላለስ የመጀመሪያው ድምፅ ወድቆ “ካዲየን” ሆነ፤ በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አፍ ሲገባ ደግሞ “ካጁን” ሆነ። እንግዲህ የሕዝቡ መጠሪያ ራሱ አንደበት የሠራው ነው።

በ1671 አንድ ቄስ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ የአካዲያን ሕዝብ ቈጠረ፤ የነፍሱም ቁጥር 400 አይሞላም ነበር። በዚያ መዝገብ ቡድሮ፥ ኤቤር፥ ላንድሪ፥ ለብላን፥ ቲቦዶ፥ ሪሻር፥ ትራሃን፥ ዱሴ፥ ኮሞ፥ ቡርዧ የሚባሉ ስሞች ይገኛሉ። ሁሉም ግን ለመቈጠር አልወደዱም። ኤትየን ሮቢሾ የሚባል ገበሬ ቄሱን ላለማየት ከቤቱ ወጥቶ ሄደ፤ የከብቱንና የመሬቱን ልክ እንደማይናገር በሚስቱ አስነገረ። ፒየር ላኑ የሚባል በርሜል ሠሪ ደግሞ እርሱ ደኅና መሆኑን፥ ዕድሜውን ግን ሊናገር እንደማይወድ ላከበት። ቄሱም እንዲህ መባሉን ሳይደብቅ በመዝገቡ ጻፈው። ሮቢሾ ሀብቱን ሸሸገ፤ ስሙ ግን ተጽፎ ቀረ፤ ዛሬም በሉዊዚያና የልጅ ልጆቹ በዚያው ስም ይጠራሉ።

በ1713 በተደረገው ውል አገሪቱ ወደ እንግሊዝ ግዛት ገባች። አካዲያውያንም በፈረንሳይ ላይ ጦር ላለማንሣት ሲሉ፥ ያለ ገደብ ታማኝ ለመሆን ማሉ ቢባሉ እንቢ አሉ። በዚህ ምክንያት ቻርልስ ሎውረንስ የሚባለው ገዥ ሕዝቡ እንዲነቀል አዘዘ። በመስከረም 5 ቀን 1755 ግራን ፕሬ በሚባለው መንደር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ 418 ወንዶች ተሰብስበው ሳሉ፥ ጆን ዊንስሎ የሚባለው የጦር አለቃ መሬታቸውና ከብታቸው ለንጉሡ መወረሱን፥ እነርሱም ከአገር መውጣታቸውን አነበበላቸው። እስከ 1763 ድረስ ከ10 ሺህ በላይ የሚሆን ሕዝብ ተነቅሎ በእንግሊዝ ቅኝ አገሮችና በአውሮፓ ወደቦች ተበተነ። ባልና ሚስት፥ እናትና ልጅ በየመርከቡ ተለያዩ፤ ብዙዎችም በበሽታ አለቁ። ከዚያ በኋላ ዘመድ ዘመዱን የሚፈልግበት ምልክት የቤተ ሰብ ስም ብቻ ሆነ።

በ1765 ዮሴፍ ብሩሳር የሚባል ሰው ሁለት መቶ ያህል ስደተኞች እየመራ ወደ ሉዊዚያና ገባ። ይህ ሰው “ቦሶሌይ” የሚባል ቅጽል ስም ነበረው፤ ትርጓሜውም ያማረ ፀሐይ ማለት ነው። በ1785 ደግሞ 1,600 ያህል አካዲያውያን ከፈረንሳይ በሰባት መርከቦች ተጭነው መጡ። በዚያ ጊዜ ሉዊዚያና የእስፓኝ ግዛት ነበረች፤ ወደ አሜሪካ መንግሥት የገባችው በ1803 ነው።

ታሪኩ ይህ ከሆነ፥ አሁን በአገሩ መንገድ ላይ እንሂድ። ከኒው ኦርሊንስ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ በመጀመሪያ የሚያስተውለው፥ በሌሎች ግዛቶች አውራጃ የሚባለው ነገር በሉዊዚያና “ፓሪሽ” መባሉን ነው፤ ትርጓሜውም የቤተ ክርስቲያን አጥቢያ ማለት ነው። እንዲህ ያሉ 64 አጥቢያዎች አሉ። በፈረንሳይና በእስፓኝ ዘመን ሕዝቡ በየደብሩ ይቈጠር ስለ ነበር፥ የመንግሥቱ አከፋፈል የቤተ ክርስቲያኑን ስም እንደ ያዘ ቀረ።

በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ያለው የመጀመሪያው አገር “የጀርመኖች ዳርቻ” ይባላል። በ1720ዎቹ ዓመታት ከጀርመን የመጡ ገበሬዎች ሰፍረውበት ነበር። መዝገብ የሚጽፉት ግን ፈረንሳዮች ነበሩ፤ የጀርመኑን ስም በጆሯቸው እንደ ሰሙት በፈረንሳይ ፊደል ጻፉት። ስለዚህ ዜሪንገር የነበረው ዜራንግ ሆነ፤ ትሮክስለር የነበረው ትሮክስክሌር ሆነ። ከሁሉ የሚያስደንቀው የጽቫይግ ቤት ነገር ነው። ይህ ቃል በጀርመንኛ ቅርንጫፍ ማለት ነው። ዮሐን ጽቫይግ ጋብቻውን በውል ሲያጽፍ ጸሐፊው ስሙን መጻፍ አቅቶት ትርጓሜውን ቢጠይቅ፥ ቅርንጫፍ ማለት መሆኑ ተነገረው፤ እርሱም በፈረንሳይኛ “ላብራንሽ” ብሎ ጻፈው ይባላል። ከዚያ ወዲህ ዘሩ ሁሉ ላብራንሽ ተብሎ ቀረ። ሃኖ ዳይለር የሚባለው ሊቅ በ1909 ባሳተመው መጽሐፍ የእነዚህን ስሞች አለዋወጥ ዘርዝሮ ጽፏል። ጸሐፊ የሆነ ሰው ይህን ሲሰማ በብዕሩ ላይ ምን ያህል ኃይል እንዳለ ሊያስብ ይገባዋል። እነዚህ ጀርመኖች ከአካዲያውያን ጋር ተጋብተው ቋንቋቸው ፈረንሳይኛ ስለ ሆነ፥ ዛሬ ብዙዎቹ ከካጁን ይቈጠራሉ።

ከባተን ሩዥ ከተማ አልፎ አቻፋላያ የሚባለው ሰፊ ረግረግ ይመጣል፤ በ29 ኪሎ ሜትር ድልድይ ይሻገሩታል። ከድልድዩ ማዶ ያለችው ከተማ የብሮ ድልድይ ትባላለች። ፊርመን ብሮ የሚባል አካዲያዊ በ1799 በወንዟ ላይ ድልድይ ስለ ሠራ ስሙ ለከተማይቱ ተረፈ። በመንገዱ ሰሌዳ ላይ ግን “ብሮ” የሚለው ስም በስድስት ፊደላት ተጽፎ ይታያል። በእኛ ፊደል ሁለት ብቻ ይበቃዋል።

የካጁን ስሞች አጠራር ለእንግዳ የሚያስቸግረው በዚህ ምክንያት ነው። ከብዙዎቹ ስሞች መጨረሻ ኢ፥ ኤ፥ ዩ፥ ኤክስ የሚባሉ አራት ፊደላት ይሰለፋሉ፤ አራቱም ተባብረው የሚያሰሙት አንድ “ኦ” ብቻ ነው። በዘጠኝ ፊደል የተጻፈው ቡድሮ ይባላል፤ በአሥር የተጻፈው ቲቦዶ ይባላል፤ ሮቢሾ፥ አርሰኖ፥ ኮሞ፥ ጎትሮ፥ ባቢኖ የሚባሉትም እንዲሁ ናቸው። ፎንተኖና ቴሪዮ በሌላ ፊደል ቢያልቁም ድምፃቸው ያው ነው፤ የመጨረሻው “ቲ” አይሰማም። ኤቤር የሚለው ስም በ“ኤች” ይጀምራል፥ በ“ቲ” ይፈጸማል፤ ሁለቱም ግን አይነበቡም። በሌላ ግዛት የሚኖር አሜሪካዊ ይህን ስም ቢያገኝ “ሂበርት” ብሎ ይጠራዋል፤ ቤንዋ የሚለውንም “ቤኖይት” ይለዋል። ሪሻርድ በሉዊዚያና በ“ሻ” ይጠራል፤ በእንግሊዞች አፍ ግን ሪቻርድ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ የማይሰማ ፊደል መጻፍ ምን ይጠቅማል ትል ይሆናል። እኛም እኮ ሀሌታው ሀ፥ ሐመሩ ሐ፥ ብዙኃኑ ኀ ብለን ለያይተን እንማራለን፤ ንጉሡ ሠና እሳቱ ሰም በአማርኛ ንባብ አይለዩም። ፊደሉ የሚጠበቀው የቃሉን ዘር ስለሚያመለክት ነው። የካጁኖችም ፊደል እንዲሁ የዘር ምልክት ነው።

በመጨረሻው ፊደል ላይ አንድ ተረት ይነገራል። “ኤክስ” የሚባለው ፊደል መልኩ እንደ መስቀል ነው። መጻፍ የማይችሉ አካዲያውያን በውል ወረቀት ላይ በስማቸው አጠገብ የመስቀል ምልክት ያደርጉ ስለ ነበር፥ ምልክቱ ከስሙ ጋር ተያይዞ ቀረ ይላሉ። ነገሩ ያምራል፤ ነገር ግን ማንም በየትኛውም አገር ያልተማረ ሰው እንዲህ ይፈርም ስለ ነበር፥ በሉዊዚያና ብቻ ፊደል የሚሆንበት ምክንያት የለም። ካርል ብራሶ የሚባሉት የአካዲያውያን ታሪክ ጸሐፊ ያስረዱት ሌላ ነው። በ1820 በቅዱስ ማርቲን አጥቢያ የሕዝብ ቈጠራ ሲደረግ ሥራውን የመሩት ዳኛ ፖል ብሪያን ነበሩ፤ በልዩ ልዩ መንገድ ይጻፉ የነበሩትንም ስሞች በእነዚህ አራት ፊደላት አንድ አደረጓቸው። የብራሶ የራሳቸው ስም እንኳ በዚሁ ዓይነት ይፈጸማል። በካናዳ የቀሩት ዘመዶቻቸው ግን ያለ “ኤክስ”፥ ወይም በሌላ ፊደል ይጽፋሉ። ቲቦዶ የምትባለው የሉዊዚያና ከተማ እንኳ ከብዙዎቹ የቲቦዶ ቤተ ሰቦች አንድ ፊደል ታጎድላለች። በብዕር የተለያዩት በአንደበት አንድ ናቸው፤ በድምፅ ሲጠራሩ ዘመድ መሆናቸው ይታወቃል።

ከብሮ ድልድይ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ሴይንት ማርቲንቪል ትገኛለች። እዚያ በወንዝ ዳር አንድ ትልቅ የኦክ ዛፍ አለ፤ ሎንግፌሎ የሚባለው አሜሪካዊ ባለ ቅኔ በ1847 ባወጣው ግጥም ከእጮኛዋ ተለይታ በምትንከራተተው በኤቫንጀሊን ስም ይጠራል። ኤቫንጀሊን ግን በባለ ቅኔው አሳብ የተፈጠረች ናት። ከዛፉ ጥቂት እልፍ ብሎ የአካዲያውያን መታሰቢያ ቤት አለ፤ በግድግዳውም ላይ ወደ ሉዊዚያና የደረሱት የሦስት ሺህ ያህል ሰዎች ስም ተጽፏል። እነዚህ በእውነት የነበሩ ናቸው። ከሩቅ የመጡ ጐብኚዎች በጣታቸው እየተከተሉ አባታቸውን ሲፈልጉ አይተናል፤ ያገኘም ሰው ስሙን ዝም ብሎ አያነብም፥ ድምፁን አሰምቶ ይጠራዋል።

በእነዚህ የቆዩ መዝገቦች አንድ ሌላ መልካም ነገር ይገኛል። በፈረንሳይና በእስፓኝ ሥርዓት ያገባች ሴት በደብሩና በውል ጸሐፊው መዝገብ የምትጻፈው በአባቷ ቤት ስም ነበር። የላንድሪ ልጅ ብሩሳርን ብታገባ በክርስትናውም በኑዛዜውም ላይ ላንድሪ ተብላ ትጻፋለች። በዚህ ምክንያት የዛሬ ልጆች የአባታቸውን ብቻ ሳይሆን የእናታቸውንና የአያታቸውን ዘር ቈጥረው ያገኛሉ።

ስሞቹ ጥቂት፥ ሰዎቹ ብዙ ስለ ሆኑ በአንድ መንደር ሦስት አራት ዣን ላንድሪ ሊገኙ ይችላሉ። ስለዚህ አካዲያውያን በመንደር ሲጠራሩ “የፖል ልጅ የፒየር ልጅ ዣን” እንደ ማለት የአባትና የአያት ስም ይደረድራሉ። ኢትዮጵያዊ ይህን ሲሰማ የገዛ አገሩን ልማድ ያገኘ ይመስለዋል። በወረቀት ላይ የቤተ ሰብ ስም ቢኖራቸውም፥ በደጃቸው የሚሠራው እንደ እኛው የአባት ስም ነው።

ወደ ደቡብ ጥቂት አልፎ በምትገኘው በኒው ኢቤሪያ በ1779 ከእስፓኝ አገር ከማላጋ የመጡ ቤተ ሰቦች ሰፍረዋል። ሮሜሮና ሴጉራ የሚባሉት ስማቸውን እንደ ያዙ ቀሩ፤ ቪያቶሮ ይባሉ የነበሩት ግን ቪያቶር ሆኑ። እነርሱም ከአካዲያውያን ጋር ተጋብተው ፈረንሳይኛ ስለ ተናገሩ፥ ሮሜሮ የሚባል ካጁን ማግኘት ዛሬ አያስገርምም።

ይህን ስም የሚሸከሙ ሁሉ ነጮች እንዳልሆኑም መናገር ይገባል። በስደት የመጡት የአካዲያውያን ልጆች ከበለጸጉ በኋላ ብዙዎቹ ራሳቸው ባሪያ ገዙ። ከ1843 እስከ 1846 የሉዊዚያና ገዥ የነበረው አሌክሳንደር ሙቶን የአካዲያውያን ዘር ሲሆን የብዙ ባሮች ጌታ ነበር። ባርነት በ1865 ከቀረ በኋላ ብሩሳር፥ ጊድሪ፥ አርሰኖ ተብለው የሚጠሩ ብዙ ጥቁር ቤተ ሰቦች አሉ። ስሙ አንድ ነው፤ የያዘው ታሪክ ግን ሁለት ነው። ለአንዱ ከስደት የተረፈ ርስት ነው፤ ለሌላው ብዙ ጊዜ የጌታው ቤት ምልክት ነው። በዚህም ቤት ግን ስሙ በክብር ለልጅ ይወርዳል።

በ20ኛው መቶ ዓመት ሌላ ፈተና መጣ። በ1921 የወጣው የሉዊዚያና ሕገ መንግሥት በትምህርት ቤት ከእንግሊዝኛ በቀር እንዳይማሩ አዘዘ። ፈረንሳይኛ የተናገረ ልጅ ይቀጣ ነበር፤ ወላጆችም ልጆቻቸው እንዳይዋረዱ ቋንቋቸውን በቤት መናገር ተዉ። በ1968 ግዛቱ ፈረንሳይኛን የሚጠብቅና የሚያስተምር ማኅበር አቋቋመ፤ ነገር ግን ሁለት ትውልድ ያህል አልፎ ነበር። ዛሬ ፈረንሳይኛ የማያውቅ ብዙ ካጁን አለ፤ ስሙን ሲጠራ ግን ፈረንሳይኛ ይናገራል። ኤቤርን ኤቤር፥ ብሮንም ብሮ ይላል። ቋንቋው ከአፉ ሲወጣ ይህ አንድ ቃል ቀረለት። የሉዊዚያና ዩኒቨርሲቲ የኳስ ወዳጆች እንኳ “ሂዱ” የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በእነዚያ አራት ፊደላት ጽፈው በሰንደቅ ያነሡታል፤ በፊት መሳቂያ የነበረው አጻጻፍ መኩሪያ ሆኗል።

የፍርድ ቤት ሰዎች ስለ ሆንን ሁለት የሕግ ነገሮችን ሳንጠቅስ አናልፍም። አንድ ካጁን ሠራተኛ በዘሩ ተሰድቤአለሁ ብሎ አሠሪውን ከሰሰ። አሠሪው አካዲያ ራሱን የቻለ መንግሥት ሆኖ አያውቅም ብሎ ተከራከረ፤ በምዕራብ ሉዊዚያና ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ግን በ1980 ሕጉ ለካጁኖችም ጥበቃ እንደሚሰጥ ፈረደ። ሁለተኛው የጠበቃው የዋረን ፔሪን ሥራ ነው። ይህ ሰው በ1990 የአባቶቹ መነቀል በደል መሆኑ እንዲታመን ለእንግሊዝ ንግሥት አቤቱታ አቀረበ። በታኅሣሥ 9 ቀን 2003 በንግሥቲቱ ስም በካናዳ በወጣ አዋጅ፥ መነቀሉና ያስከተለው መከራ በይፋ ተመሰከረ፤ ሐምሌ 28 ቀንም በየዓመቱ መታሰቢያው እንዲሆን ተወሰነ። መሬቱ አልተመለሰም፥ ካሣም አልተከፈለም፤ ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተነበበው ትእዛዝ ከ248 ዓመት በኋላ በአዋጅ መልስ አገኘ።

ከዚህ ሁሉ ለቤተ ሰብ የሚሆን ምክር ይገኛል። ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን በአሜሪካ ይኖራሉ፤ በዚያ አገር ወረቀት ላይ የአባት ወይም የአያት ስም የቤተ ሰብ ስም ሆኖ ይጻፋል፥ በባዕድ አፍም ይጠራል። ልጁ የስሙን ትክክለኛ ድምፅ ከእናቱና ከአባቱ ካልሰማ ከማን ይሰማዋል? መምህሩ አሳስቶ ሲጠራው ዝም እንዳይል፥ በትሕትና እንዲያርመው በቤት ይማር። በአገር ውስጥ ያለንም ልጆቻችንን እስከ ሰባት ቤት ማስቈጠርን አንተው፤ የቈጠሩትንም በወረቀት ላይ እናጽፋቸው። አንደበት ሲያልፍ ብዕር ይጠብቃልና።

በመዝገብ ላይ ለምንቀመጥ ደግሞ ግዴታው የበለጠ ነው። በፊታችን የቆመውን ሰው፥ ስምህ ማን ነው ከማለት በኋላ፥ እንዴት ነው የሚጻፈው ብለን እንጠይቀው፤ ጽፈንም እናንብብለት። ይህ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። የጽቫይግ ቤት ግን ጸሐፊው ያችን ደቂቃ ስላልሰጠው፥ ይኸው ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፥ በሌላ ስም ይኖራል።